“ናኖ” የተጻፈበት ካርቶን፦ የኳንተም ዶት ቀለም ከየት ይመጣል፣ ምንስ ይጠቅማል?

በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የቴሌቪዥን ካርቶን ላይ የሚነበበው ጽሑፍ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተለውጧል። ቀድሞ “ፍላት” ማለት ይበቃ ነበር፤ ከዚያ “ኤልኢዲ” መጣ፤ አሁን ደግሞ “ኪውኤልኢዲ”፣ “ኳንተም ዶት”፣ “ናኖ” የሚሉ ስሞች ዋጋውን ከፍ ያደርጉታል። ይኸው ቃል በሶላር ፓነል፣ በውኃ ማጣሪያና በፀሐይ መከላከያ ክሬም ላይም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2023 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ለኳንተም ዶት፣ ማለትም መጠናቸው ቀለማቸውን ለሚወስን እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ ተመራማሪዎች መሰጠቱ ለቃሉ ሳይንሳዊ ክብር አልብሶታል፤ በማኅበራዊ መገናኛ የሚዘዋወረው ወሬ ግን በሁለት ጎራ የተከፈለ ነው። አንዱ ወገን ናኖ ያለበት ዕቃ ሁሉ የላቀ ነው ይላል፤ ሌላው ካድሚየም የተባለውን መርዛማ ብረት ስም እያነሣ ዕቃው ከቤት እንዳይገባ ይመክራል።

ሁለቱም ወገኖች የሚስቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ናኖን እንደ አንድ ልዩ ቅመም ይቆጥሩታል። ነገሩን ለመለየት የትኛው ቁስ እንደሆነ፣ በምን ያህል መጠን እንደተሠራ፣ የትኛውን ብርሃን ውጦ የትኛውን እንደሚለቅና በምን እንደተሸፈነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላል።

የመጠን ስም

ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። አንድ ሚሊሜትር በምታህል የጤፍ ፍሬ ላይ 5 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ቅንጣቶች በአንድ መስመር ቢደረደሩ 200 ሺህ ይሆናሉ። በተለምዶ፣ ቢያንስ በአንድ ጎኑ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚለካ ቁስ ናኖቁስ ይባላል። ይህ ፍቺ ስለ ቁሱ ማንነት የሚናገረው ነገር የለም፤ ጥላሸትም፣ ወርቅም፣ ሸክላ አፈርም በዚህ መጠን ሊገኙ ይችላሉ፣ ጠባያቸው ግን አይገናኝም።

ለምሳሌ በጤና ጣቢያ የወባ ፈጣን ምርመራ ሲደረግ በመመርመሪያው ላይ ብቅ የምትለው ቀይ መስመር በአብዛኞቹ መመርመሪያዎች ከወርቅ ናኖ ቅንጣቶች የተገኘች ናት። ወርቅ ብረት ስለሆነ ቀይ የሚመስለው በውስጡ ያሉት ነፃ ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ጋር አብረው ስለሚወዛወዙ ነው። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ኳንተም ዶት ቀይ የሚሆነው ደግሞ ፈጽሞ በሌላ መንገድ ነው። ቀለማቸው ቢመሳሰልም ምክንያታቸው ለየቅል ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁለተኛው፣ የሴሚኮንዳክተሩ መንገድ ነው።

ብርሃንን የሚመርጠው ክፍተት

ብረት ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋል፤ መስታወት አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። በሁለቱ መካከል የሚገኙት እንደ ሲሊኮን፣ ካድሚየም ሴሌናይድ፣ ኢንዲየም ፎስፋይድና ዚንክ ኦክሳይድ ያሉ ቁሶች ከፊል አስተላላፊ፣ በተለመደው ስማቸው ሴሚኮንዳክተር ይባላሉ። በእነዚህ ቁሶች ውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚገኙባቸው ሁለት የኢነርጂ እርከኖች አሉ፤ ታችኛው በኤሌክትሮን የተሞላ ሲሆን ላይኛው ባዶ ነው። በመካከላቸው ኤሌክትሮን ሊቆምበት የማይችል ክልል አለ፤ እርሱም የኢነርጂ ክፍተት ይባላል፣ የሚለካውም ኤሌክትሮን ቮልት በተባለ መለኪያ ነው።

ብርሃን ፎቶን በተባሉ የኢነርጂ እሽጎች ይጓዛል። ፎቶኑ የያዘው ኢነርጂ ከክፍተቱ ካነሰ ቁሱን አቋርጦ ያልፋል፤ ከክፍተቱ ከተካከለ ወይም ከበለጠ ግን ይዋጥና አንድ ኤሌክትሮን ከታች ወደ ላይ ያዘልላል። የዘለለው ኤሌክትሮን ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል፤ እርሱና ባዶ ቦታው ተሳስበው የሚፈጥሩት ጥንድ ኤክሲቶን ይባላል። ኤሌክትሮኑ ተመልሶ ሲወድቅ የያዘውን ኢነርጂ በብርሃን ወይም በሙቀት መልክ ይለቀዋል። ሁለቱን ለያይቶ በሽቦ መውሰድ ከተቻለ ደግሞ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ነው። ቴሌቪዥኑ፣ አምፖሉና ሶላር ፓነሉ የሚለያዩት ከእነዚህ መጨረሻዎች የትኛውን እንደሚፈልጉ ነው እንጂ መነሻቸው አንድ ነው።

ሒሳቡም ከባድ አይደለም፤ 1,240 በኤሌክትሮን ቮልት ለተለካው ክፍተት ሲካፈል የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት በናኖሜትር ይገኛል። የሰው ዓይን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ያህል ነው። የሲሊኮን ክፍተት 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ ድንበሩ 1,107 ናኖሜትር ላይ፣ ማለትም ዓይን ከማያየው ከታሕተ ቀይ ጨረር ውስጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሲሊኮን የሚታየውን ብርሃን ሁሉ ይውጣል፣ ፓነልም የሚሠራበት ለዚህ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ግን ክፍተቱ 3.3 ገደማ በመሆኑ ከ375 ናኖሜትር በታች ያለውን አልትራቫዮሌት ውጦ የሚታየውን ብርሃን ያሳልፋል። በፀሐይ መከላከያ ክሬም ውስጥ የሚገባውም ለዚሁ ሲሆን፣ ቅንጣቱ ከ100 ናኖሜትር በታች ሲደቅ ብርሃንን መበተኑ ስለሚቀንስ ክሬሙ ፊት ላይ ኖራ የተቀባ ከመምሰል ይድናል። በክሬሙ ላይ “ናኖ” የሚለው ጽሑፍ በዋናነት የሚናገረው ይህንኑ የመልክ ጉዳይ ነው።

መሰንቆውና የታገተው ኤሌክትሮን

እስካሁን የተባለው የቁስ ዓይነት ክፍተቱን እንደሚወስን ነው። የናኖ ዓለም አዲስ ነገር፣ ቁሱ ሳይለወጥ መጠኑ ብቻ ክፍተቱን ሊለውጥ መቻሉ ነው። ለዚህ ከመሰንቆ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። መሰንቆ ያለው አንድ ጭራ ነው፤ ተጫዋቹ በጣቱ እየተጫነ የሚርገበገበውን ክፍል ባሳጠረ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። ጭራው ያው ጭራ ነው፣ የተለወጠው ርዝመቱ ነው።

ኤሌክትሮንም የሞገድ ጠባይ አለው። በትልቅ የካድሚየም ሴሌናይድ ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮኑና ባዶ ቦታው እንደ ልባቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ቦር ሬዲየስ የሚባለው የጥንዱ የተፈጥሮ ስፋት ከ5 እስከ 6 ናኖሜትር ይደርሳል። ክሪስታሉ ከዚህ ባነሰ መጠን ከተሠራ ሞገዱ ለመዘርጋት ቦታ ያጣል፤ ሲታገትም፣ እንዳጠረው ጭራ፣ ኢነርጂው ከፍ ይላል። ይህ ክስተት ኳንተማዊ እገታ ይባላል። በቀላሉ ስሌት የቅንጣቱ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ በእገታ ምክንያት የሚጨመረው ኢነርጂ አራት እጥፍ ይሆናል።

ውጤቱ በዓይን ይታያል። የካድሚየም ሴሌናይድ ትልቅ ክሪስታል ክፍተት 1.74 ኤሌክትሮን ቮልት ሲሆን ድንበሩ ቀይና ታሕተ ቀይ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ቁሱ ወደ 6 ናኖሜትር ሲወርድ ቀይ፣ ወደ 3 ሲወርድ አረንጓዴ፣ ወደ 2 ሲጠጋ ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ኢንዲየም ፎስፋይድ ደግሞ ከነተፈጥሮው 918 ናኖሜትር ላይ፣ ከዓይን ውጭ ነው፤ ሲደቅ ግን ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ ይመጣል። ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ አቶሞች ብቻ የያዘ እንዲህ ያለ ቅንጣት ነው ኳንተም ዶት፣ ማለትም የኳንተም ነጥብ የሚባለው። እገታው በሁሉም አቅጣጫ ከሆነ ነጥብ፣ በሁለት አቅጣጫ ከሆነ ሽቦ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሆነ ደግሞ ኳንተም ጉድጓድ ይባላል፤ የመጨረሻውን በኋላ አምፖሉ ውስጥ እናገኘዋለን።

መጠን መቀነስ ግን ዕዳም አለው። ቅንጣቱ ሲያንስ ከአቶሞቹ ብዙዎቹ ገጽ ላይ ይሆናሉ፤ የገጽ አቶም ጎረቤት የጎደለው ስለሆነ ኤሌክትሮኑን ጠልፎ ይይዛል፣ የተጠለፈው ኢነርጂም ብርሃን ሳይሆን ሙቀት ይሆናል። በዚህ የተነሣ ሥሪቱ በተጀመረበት ዘመን ከሚዋጡት 100 ፎቶኖች ውስጥ 10 ያህሉን ብቻ በብርሃን መልክ መመለስ የተለመደ ነበር። መፍትሔው ዶቱን እንደ ዚንክ ሰልፋይድ ባለ ሰፊ ክፍተት ያለው ሴሚኮንዳክተር ቅርፊት ማልበስ ሆነ፤ ቅርፊቱ ኤሌክትሮኑን ከገጹ ያርቀዋል። ዛሬ በጥንቃቄ የተሠሩት ከ90 በመቶ በላይ ይመልሳሉ። አንዱን ኳንተም ዶት ከሌላው የሚለየውም በአመዛኙ ይህ ቅርፊት ነው፤ በካርቶን ላይ ግን አይጻፍም።

ከመስታወት ወደ ብልቃጥ

ሴሚኮንዳክተርን ከመስታወት ጋር አቅልጦ ቀይና ቢጫ መስታወት መሥራት የቆየ ጥበብ ነው፤ ሴሌኒየምና ካድሚየም ያለበት ቀይ መስታወት ለባቡር ምልክት መብራት ጭምር አገልግሏል። የባቡር ከተማ ለሆነችው ድሬዳዋ ይህ የሩቅ ዘመድ ታሪክ ነው። አሌክሲ ኤኪሞቭ እ.ኤ.አ. በ1981 በሶቪየት ኅብረት የመዳብ ክሎራይድ ቅንጣቶችን በመስታወት ውስጥ እያበቀለ ቀለሙ በቅንጣቱ መጠን እንደሚወሰን አሳየ። ሉዊስ ብሩስ በ1983 በአሜሪካ፣ በቤል ላቦራቶሪ፣ የኤኪሞቭን ሥራ ሳያውቅ ያንኑ በፈሳሽ ውስጥ በሚንሳፈፉ የካድሚየም ሰልፋይድ ቅንጣቶች ላይ አገኘ። ሙንጊ ባዌንዲና ባልደረቦቹ በ1993 ያስተዋወቁት ዘዴ ደግሞ ግኝቱን ወደ ምርት የሚወስደውን በር ከፈተ፤ ጥሬ ዕቃውን በጋለ ፈሳሽ ውስጥ በአንድ ጊዜ በመርፌ በመውጋት ሁሉም ቅንጣቶች እኩል እንዲጀምሩ፣ እኩልም እንዲያድጉ ማድረግ ነበር። ሦስቱም የ2023ቱን ሽልማት ተካፈሉ።

የመጨረሻው እርምጃ ክብደት የሚታየው ቅንጣቶቹ እኩል ካልሆኑ ነው። እያንዳንዱ መጠን የራሱን ቀለም ስለሚሰጥ፣ የተዘበራረቀ መጠን ያለው ፈሳሽ የደበዘዘ ቀለም ይሰጣል፤ ልክ እንዳልተቃኙ መሰንቆዎች ስብስብ ነው።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ከፍተኛው ግራ መጋባት ያለው እዚህ ላይ ነው። በጥናት ቤቶች ቋንቋ ኪውኤልኢዲ ማለት በኤሌክትሪክ ተቀስቅሶ ራሱ የሚያበራ የኳንተም ዶት ብርሃን ሰጪ ነው። በገበያው ቋንቋ ግን ከኋላው ሰማያዊ ኤልኢዲ መብራት፣ በመካከሉ ኳንተም ዶት የተቀባበት ስስ ፊልም፣ ከፊቱ የተለመደው የኤልሲዲ ስክሪን ያለው ቴሌቪዥን ነው። ከዶቶቹ ጋር የተገናኘ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም፤ ሥራቸው ሰማያዊውን ብርሃን ውጠው አረንጓዴና ቀይ አድርገው መመለስ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ገበያ ላይ በሰፊው ያልወጣው፣ በተለይ ሰማያዊ የሚያበሩት ዶቶች ዕድሜ አጭር በመሆኑ ነው።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2013 ኳንተም ዶት የገባበት ቴሌቪዥን ለገበያ አቀረበ፤ ሳምሰንግ በ2015 ካድሚየም የሌለበትን ዓይነት ይዞ መጣና በ2017 ኪውኤልኢዲ የሚለውን የንግድ ስም ተከለ። የስሙ አጻጻፍ ከኦኤልኢዲ ጋር የሚለያየው በአንድ ፊደል ብቻ መሆኑ ለገዢው አልረዳውም፤ ኦኤልኢዲ እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ የሚያበራበት የካርቦን ውሕዶች ስክሪን ነውና ጥቁሩ በእርግጥ ጥቁር ነው። ኤልጂ ናኖሴል ብሎ የሰየመው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በቀለሞች መካከል የሚሾልከውን አላስፈላጊ ብርሃን የሚውጥ ማጣሪያ እንጂ ብርሃን የሚለቅ ኳንተም ዶት አይደለም።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? የተለመደው ነጭ የጀርባ መብራት ሰማያዊ ኤልኢዲ ላይ ቢጫ ፎስፈር፣ ማለትም ብርሃን ቀያሪ ዱቄት፣ ተቀብቶ የሚሠራ ነው። የዱቄቱ ብርሃን ከ100 ናኖሜትር በሚበልጥ ስፋት ስለሚዘረጋ ከውስጡ ንጹሕ ቀይና ንጹሕ አረንጓዴ ለማውጣት ብዙውን በማጣሪያ መጣል ግድ ይላል። ጥሩ ኳንተም ዶት ግን ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር በሆነ ጠባብ ስፋት ላይ ያበራል። ስለዚህ ቀለሙ ይጠራል፣ የሚጣለውም ብርሃን ይቀንሳል። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው።

ጥቅሙን የሚጠራጠሩት ወገኖች የሚያነሡት መከራከሪያም ሚዛን አለው። አብዛኞቹ የሳተላይት ሥርጭቶች የሚቀርቡት በቀድሞው ጠባብ የቀለም መመዘኛ ነው፤ ስክሪኑ ሊያሳየው የሚችለው ተጨማሪ ቀይና አረንጓዴ በምንጩ ውስጥ ከሌለ፣ ቴሌቪዥኑ ወይ ሳይጠቀምበት ይቀራል ወይም ያለውን ቀለም ከልክ በላይ ያጋንናል። ድሬዳዋ ላይ በሱቅ ውስጥ ገዢን የሚማርከው የፍራፍሬና የአበባ ማሳያ ቪዲዮ ለሰፊው መመዘኛ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ቤት ከተደረሰ በኋላ የዜናው ስቱዲዮ እንደዚያ ባይፈካ ሻጩ አታሏል ማለት ላይሆን ይችላል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ዋናው ዕይታው ሳተላይት ለሆነ ቤት የዋጋው ልዩነት ትልቅ ከሆነ ክርክሩ ወደ ተጠራጣሪዎቹ ያዘነብላል፤ ከኢንተርኔት ጥራት ያላቸውን ፊልሞች ለሚያይ ግን ልዩነቱ ይታያል።

ካርቶኑ የሚለውን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው አንድ አሮጌ ሲዲ ሊረዳው ይችላል። በሲዲ ላይ ያሉት መስመሮች የ1,600 ናኖሜትር ርቀት ስላላቸው ብርሃንን ወደ ቀለማቱ ይበትናሉ። ክፍሉ ጨልሞ በስክሪኑ ላይ በጥቁር መደብ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ እንዲታይ ቢደረግና ነጸብራቁ በሲዲው ላይ ቢታይ፣ የተለመደው ነጭ ኤልኢዲ ከሰማያዊው ቀጥሎ ከአረንጓዴ እስከ ቀይ የተያያዘ ሰፊ ቀለም ያሳያል፤ ኳንተም ዶት ያለበት ግን ሰማያዊውን፣ አረንጓዴውንና ቀዩን በጨለማ ድንበር ለያይቶ ያሳያል። ዘዴው ሙሉ ማስረጃ አይደለም። የቀለም ማጣሪያው ራሱ የተያያዘውን ቀለም በከፊል ይለያየዋል፤ በተጨማሪም ከፖታሲየም፣ ከሲሊኮንና ከፍሎሪን የሚሠራ፣ ማንጋኒዝ የተጨመረበት ቀይ ፎስፈር አለ፤ እርሱም ወደ 631 ናኖሜትር አካባቢ እጅግ ቀጭን ቀይ መስመሮች ስላሉት ኳንተም ዶት ሳይኖር ጠባብ ቀይ ሊያሳይ ይችላል።

ሙቀትስ? ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ከተማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ መድረሱ አዲስ አይደለም። ኳንተም ዶት ሲሞቅ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ቀለሙም በጥቂቱ ወደ ቀይ ይንሸራተታል፤ ከዚህ የበለጡ ጠላቶቹ ግን ኦክስጅንና እርጥበት ናቸው። አምራቾች ፊልሙን በሁለት በኩል አየር በማያስገባ ሽፋን የሚያሽጉት ለዚህ ነው። እንደዚያም ሆኖ በከተማው የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ባለበት ሁኔታ የኃይል ቦርዱና የጀርባው ኤልኢዲ ከፊልሙ ቀድመው መበላሸታቸው የሚጠበቅ ነው፤ ለስታቢላይዘር የሚወጣው ገንዘብ ከናኖው ልዩነት በላይ የቴሌቪዥኑን ዕድሜ ይወስናል።

ያልተዘመረለት አምፖል

ናኖ የሚል ጽሑፍ የሌለበት፣ ነገር ግን ከፊራ ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጥ አንድ የናኖ ሥራ አለ፤ ተራው የኤልኢዲ አምፖል ነው። ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ቺፕ ከጋሊየም ናይትራይድ የተሠራ ሲሆን፣ በመካከሉ ኢንዲየም የተቀላቀለበት 3 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ንጣፍ አለ። ይህ ንጣፍ ኤሌክትሮኑንና ባዶ ቦታውን በአንድ አቅጣጫ የሚያግት ኳንተም ጉድጓድ ነው። ለሰማያዊው ኤልኢዲ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ የ2014ቱን የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። በ60 ዋት ፈትል አምፖል ይገኝ የነበረው ብርሃን ዛሬ ከ8 እስከ 9 ዋት በሚወስድ ኤልኢዲ ይገኛል። በቆጣሪው ላይ የሚነበብ ልዩነት በማምጣት ረገድ ከሌሎቹ የናኖ ምርቶች ሁሉ ይህ ይቀድማል።

ፀሐይ የሞላበት ሰማይና የሞቀ ጣሪያ

በሶላር ፓነል ገበያ “ናኖ” ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው የመስታወቱን ቀለም አልባ ቅብ ነው። ወደ 100 ናኖሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው ሲሊካ በመስታወቱ ላይ ሲቀባ የሚንጸባረቀው ብርሃን ይቀንሳል፤ ከመስታወት ፊት ላይ የሚባክነው 4 በመቶ ያህል ስለሆነ ትርፉም ከዚያ ያነሰ ነው። ሲሊካ ሴሚኮንዳክተር አይደለም፤ ቅቡም አቧራን ለዘለቄታው አያባርርም። የደቻቱ አሸዋ በነፋስ በሚነሣበት ወቅት ፓነልን በውኃ ማጠብ ከቅቡ የበለጠ ይመልሳል።

እውነተኛዎቹ የናኖ ፀሐይ ሴሎች ሌሎች ናቸው። ከሊድ ሰልፋይድ ዓይነት ዶቶች የሚሠሩት ሲሊኮን የማይደርስበትን የታሕተ ቀይ ጨረር መውሰድ ይችላሉ። ፔሮቭስካይት የተባሉት የሊድና የሐሎጅን ክሪስታሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ከነበሩበት 3.8 በመቶ ብቃት ተነሥተው ዛሬ በላቦራቶሪ ከ26 በመቶ በላይ ደርሰዋል፤ በሲሊኮን ላይ ተደርበው ሲሠሩ ከ34 በመቶ አልፈዋል። አንድ ክፍተት ብቻ ያለው ሴል በንድፈ ሐሳብ ሊደርስ የሚችለው ጣሪያ 33 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ይህን ጣሪያ ለመሻገር የተለያየ ክፍተት ያላቸውን ሁለት ቁሶች መደረብ የታወቀው መንገድ ነው።

ከዚህ በመነሣት “ቀጣዩን ትውልድ እንጠብቅ” የሚሉ አሉ። በሌላ በኩል የቆሙት ደግሞ ፔሮቭስካይት በእርጥበት፣ በሙቀትና በብርሃን ቶሎ እንደሚጎዳ፣ የሲሊኮን ፓነል ግን ለ25 ዓመት ዋስትና እንደሚሸጥ ያስታውሳሉ። ለድሬዳዋ ጣሪያ የሙቀቱ ክርክር ዋነኛ ነው። የፓነል ዋት የሚለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ እያለ ነው፤ የአየሩ ሙቀት 35 በሆነበት እኩለ ቀን ግን ሴሉ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ሲሊኮን ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ ያህል ቢያጣ፣ 35 ዲግሪ ጭማሪ 12 በመቶ ይወስዳል፤ በ550 ዋት የተሸጠ ፓነል ወደ 480 ይወርዳል ማለት ነው። 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር ያው ፓነል ይበልጥ ቀዝቅዞ ስለሚሠራ የተሻለ ይሰጣል። ይህን ኪሳራ ለመቀነስ በፓነሉና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት መተው፣ ሲገዙም በፓነሉ የመረጃ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የሙቀት መቀነሻ ቁጥር ማነጻጸር ይቻላል፤ ሁለቱም መጪውን ትውልድ መጠበቅ አይጠይቁም።

ውኃ

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባለው ነጭ ሴሚኮንዳክተር ብርሃን ሲውጥ የሚፈጠሩት ኤሌክትሮንና ባዶ ቦታ ከውኃ ጋር ተገናኝተው ባክቴሪያንና የኦርጋኒክ ብክለትን የሚያፈርሱ ብርቱ ውሕዶችን ይፈጥራሉ። ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ሥራ የተስፋፋው ይህ ዘርፍ ፎቶካታሊሲስ፣ ማለትም በብርሃን ኃይል የሚፋጠን የኬሚካል ለውጥ ይባላል። ችግሩ ክፍተቱ 3.2 ስለሆነ የሚጠቀመው ከ387 ናኖሜትር በታች ያለውን ብቻ መሆኑ ነው፤ ይህም ከፀሐይ ብርሃን 5 በመቶ ገደማ ነው። ክፍተቱን ለማጥበብ ናይትሮጅን መጨመርና ከሌሎች ቁሶች ጋር ማጣመር በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት ጉዳይ ነው።

ለድሬዳዋ ነዋሪ ግን አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው ቅሪት ውኃው በኖራ ድንጋይ አገር በማለፉ የሟሟበት ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው፤ ብርሃን አያፈርሰውም። ፎቶካታሊሲስ ጀርም ይገድል ይሆናል፣ ውኃን ግን አያለሰልስም። የጠራ ውኃን በግልጽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለ6 ሰዓት በጠራ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ያለምንም ናኖ ቅንጣት አብዛኞቹን ጀርሞች የሚያዳክም የታወቀ ዘዴ መሆኑም ለንጽጽር ይጠቅማል።

ካድሚየም፣ ኢንዲየምና የጠጋኙ ጠረጴዛ

ካድሚየም ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ፣ ኩላሊትን የሚጎዳና ከሰውነት ለመውጣት ብዙ ዓመታት የሚፈጅ ብረት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ክፍሎች ውስጥ ከ0.01 በመቶ በላይ እንዳይኖር ሲከለክል ለኳንተም ዶት ስክሪኖች ለጊዜው የተለየ ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። ፈቃዱን የደገፉት የካድሚየም ዶቶች ብቃት ኤሌክትሪክ ስለሚቆጥብ ከድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች ከሚወጣው ካድሚየም የተወሰነውን ያስቀራል ብለው ተከራከሩ፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ ኢንዲየም ፎስፋይድ እያለ ካድሚየም ለምን ይፈቀዳል አሉ። ገበያው በአመዛኙ ወደ ኢንዲየም ሄዷል። ይሁን እንጂ “ካድሚየም የለበትም” ማለት “መርዝ የለበትም” ማለት አይደለም፤ ኢንዲየም ፎስፋይድም በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ምደባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ከሚገመቱት ተርታ ነው።

መጠኑን ማነጻጸር ፍርሃቱን በቦታው ያስቀምጠዋል። በአንድ ቴሌቪዥን ፊልም ውስጥ ያለው ካድሚየም የሚቆጠረው በሚሊግራም ነው፤ በአሮጌ ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ውስጥ ያለው ደግሞ በግራም። የታሸገ ፊልም ከፊቱ ለተቀመጠ ተመልካች የሚያደርሰው ጉዳት የለም፤ ቀይና አረንጓዴ ብርሃኑም ከሌላው ቀይና አረንጓዴ ብርሃን የሚለይበት ጎጂ ጨረር የለውም። ሥጋቱ የሚጀምረው ዕቃው ሲሰበርና ከሌላ ቆሻሻ ጋር ክፍት ቦታ ላይ ሲቃጠል ነው፤ ያን ጊዜ የታሸገው ነገር ጭስና አመድ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ከገዢውም ከሻጩም ይልቅ ነገሩ በቀጥታ የሚነካው የቴሌቪዥን ጠጋኙን ነው። የጀርባ ኤልኢዲ ለመቀየር ስክሪኑ ሲፈታ ከሚወጡት ስስ ንጣፎች መካከል በቀን ብርሃን ቢጫ የሚመስለው ኳንተም ዶት ያለበት ፊልም ሊሆን ይችላል። በጀርባ ያሉት መብራቶች ሰማያዊ ከሆኑ እነርሱን በነጭ ኤልኢዲ መተካት የምስሉን ቀለም ያበላሻል፤ ፊልሙ የተቃኘው ሰማያዊ ሊውጥ ነውና። ፊልሙን ለማስተካከል ጠርዙን በመቀስ መቁረጥም ሽፋኑን ይከፍተዋል። በተከፈተው ጠርዝ በኩል ኦክስጅንና እርጥበት ሲገቡ ከዳር ያሉት ዶቶች ሰማያዊውን ብርሃን መለወጥ ያቆማሉ፤ ከጊዜ በኋላም በስክሪኑ ዙሪያ ቀጭን ሰማያዊ ጥለት ይታያል።